«ኔቲቭ» ለሚለው ቃል የቱን አማርኛ እንምረጥ? ተወላጅ፣ ሀገር በቀል፣ የሐበሻ፣ ነባር ወይስ አፍ መፍቻ

ሱሉልታ ውስጥ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈትና ትርጉም የምሠራባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ደንበኞች አንድ ቃል ይዘውብኝ መጡ። ችግኝ የሚሸጡ እናት «ሀገር በቀል ችግኝ» የሚለውን ለታፔላቸው በእንግሊዝኛ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። ሥራ ፈላጊ ወጣት ደግሞ «ኔቲቭ ላንጉጅ» የምትል ሣጥን ላይ ደርሶ ቆሟል። ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጋሼ የምላቸው፣ ለሰፈሩ ልጆች ኳስና ማልያ የሚለምን ደብዳቤ ወደ ውጭ ሊልኩ ነው፤ ደብዳቤው «የሱሉልታ ተወላጅ የሆኑ ወጣቶች» ብሎ ይጀምራል።

ለሦስቱም «ኔቲቭ» ብዬ ጨረስኩ። አንዱ ትክክል ነበር፣ አንዱ ግማሽ ትክክል፤ የጋሼው ግን ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ተመለሰ። ልጃቸው ውጭ አገር ስለምትኖር አንብባው ኖሮ ደውላ «አባዬ፣ ልጆቹን ኔቲቭስ አትበላቸው፤ እዚህ ሰው ሲያነበው ይሸማቀቃል» አለቻቸው። እኔም ተሸማቀቅሁ። ይህን ማወዳደሪያ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለሚተረጉምም፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለሚመልስም ይሆናል።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

መዝገበ ቃላት «ተወላጅ፤ ሀገር በቀል» ብሎ ያልፋል። የቱ የት እንደሚገባ ግን አይነግርም። እኔ አራት ጥያቄ እጠይቃለሁ። የሚነገረው ስለ ሰው ነው፣ ስለ ተክልና እንስሳ፣ ስለ ቋንቋ ወይስ ስለ ዕቃ? ነገሩን ኔቲቭ ያሰኘው መወለዱ ነው ወይስ ረጅም ጊዜ መቆየቱ? የተባለው ሰው ፊቱ ላይ ቢነገረው ቅር ይለዋል? አራተኛው ጥያቄ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ተቃራኒው ማን ነው የሚለው ነው። አንድን ነገር ኔቲቭ ስትሉ ሌላውን ኔቲቭ አይደለም ማለታችሁ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ቃሉን የሚቀያይረው በዚያ በሌላው ማንነት ነው። ተቃራኒው ፈረንጅ ከሆነ አንድ ቃል፣ መጤ ከሆነ ሌላ ቃል፣ በትምህርት የተገኘ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ ቃል ይመጣል።

ስለ ቃሉ ዘር ጥቂት። ኔቲቭ የመጣው ከላቲኑ «ናቲቩስ» ነው፤ ሥሩ «ናስኪ»፣ መወለድ ማለት። ኔሽንም፣ ኔቸርም፣ የልደት በዓል ስያሜ የሆነው ናቲቪቲም የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። አማርኛም ተወለደ ከሚለው ልደትን፣ ትውልድን፣ ተወላጅን አውጥቷል። ስለዚህ ሥርን ከሥር ለሚያጋጥም ሰው የኔቲቭ ትክክለኛ አቻ ተወላጅ ነው። ሥር መግጠሙ ብቻውን ግን ቃሉን ሁሉ ቦታ አያስገባውም፤ ወይራን «የእንጦጦ ተወላጅ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አላጋጠመኝም።

ተወላጅ

ለሰው ነው፤ ለሰው ብቻ። የሚለካውም በትውልድ ቦታ ስለሆነ ቆይታ አይቆጠርም፤ ደብረ ብርሃን ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ሱሉልታ የገባ ሰው የደብረ ብርሃን ተወላጅ ነው። ለማመልከቻ፣ ለሕይወት ታሪክ፣ ለዜና ይስማማል። ትንሽ የቢሮ ሽታ አለው፤ በአፍ ስንነጋገር «የጎንደር ተወላጅ ነኝ» ከማለት «የጎንደር ልጅ ነኝ» እንላለን። ጽሑፉ የሰው ንግግር ከሆነ «ልጅ»ን ምረጡ፤ «የሰፈሩ ልጅ» ለኔቲቭ ከተሰጡት ትርጉሞች ሁሉ ሞቃቱ ነው።

ጣጣው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ነው። አማርኛው «ተወላጆች» ሲል ማንንም አይነካም። እንግሊዝኛው «ኔቲቭስ» ብሎ በብዙ ቁጥር ስም ሲሆን ግን ብዙ ታሪክ ይጎትታል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ በስምነት ሲገባ ከጌታው ጋር ታስሮ የተወለደ ገባር ማለት ነበር። በኋላ ቅኝ ገዢዎች የገዟቸውን ሕዝቦች በጅምላ ጠሩበት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1913 እ.ኤ.አ. የወጣውና ጥቁሮች መሬት የሚይዙበትን ክልል ከአገሪቱ 7 በመቶ ገደማ ላይ የወሰነው ሕግ ስሙ ራሱ «የኔቲቭስ የመሬት ሕግ» ነው። የእኛም ከተማ ቀምሶታል። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወስዶ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አለው፤ የተወላጆች ገበያ ማለቱ ነው፤ ነጭ የማይገበያይበት። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ሕዝቡ «ኢንዲጄኖ»ን ጥሎ «መርካቶ»ን አስቀረ።

ስለዚህ የጋሼን ደብዳቤ ያረምኩት «ከሱሉልታ የመጡ ወጣቶች» በሚል እንግሊዝኛ ነው። አንድ ሰው ስለ ራሱ «የሱሉልታ ኔቲቭ ነኝ» ቢል ግን ምንም ነውር የለውም፤ በነጠላ፣ ከነቦታው ስም፣ በኩራት ይባላል።

ተወላጅን ከ«ትውልደ» መለየት ያስፈልጋል። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ቢጫ ካርድ የሚሰጠው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሌላ አገር ዜጋ ሆኖ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ነው። ራሱ እዚህ መወለድ የለበትም። እዚህ ላይ ኔቲቭ ስሕተት ነው፤ እንግሊዝኛው «ኦሪጅን» ይላል።

ሀገር በቀል

ይህ የተክል ቃል ነው፤ በቀለ ከሚለው የመጣ። ለዛፍ፣ ለአዝርዕት፣ ለሣር ከኔቲቭ ጋር ልክክ ይላል፦ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ የሐበሻ ጥድ። ሰው ሳያመጣው በራሱ እዚህ የኖረ ማለት ነው።

ችግኝ ሻጯ እትዬ ግን ወዲያው አልተቀበሉኝም። ከታፔላው ሥር የዛፎቹን ስም ስናስገባ ባህር ዛፍም እንዲጻፍ አዘዙ።

«እትዬ፣ እሱ ሀገር በቀል አይደለም» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ! የባለቤቴ አያት የተከሉት ነው። ተቆርጦ ተቆርጦ አሁንም ያቆጠቁጣል። ካልበቀለ ምን አደረገ?»

«ስሙ ራሱ ከባህር ማዶ መጣሁ ይላል እኮ።»

ትንሽ አሰቡና ሣቁ። «እኔስ በጋብቻ አይደል የመጣሁት!»

ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ወገን መጥቶ፣ ማገዶ አጥታ ልትፈታ የነበረችውን አዲስ አበባን አቆማት፤ እንጦጦን ከላይ እስከ ታች ለበሰው። ይህ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ለተክል ግን መቶ ዓመትም አይበቃም። የመጣበት ከታወቀ እንግሊዝኛው የሚሰጠው ስም «ናቹራላይዝድ» ነው፤ እንደ ዜግነት፣ ተላምዶ የቀረ ማለት። ለሰው ሲሆን መለኪያው ይገለበጣል፤ ትናንት ሱሉልታ ጤና ጣቢያ የተወለደ ሕፃን ዛሬ የሱሉልታ ተወላጅ ነው። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለቱን መለኪያ ይዞ ስለሚዞር ነው ግራ የሚያጋባው። አማርኛ በሁለት ቃል ለይቶልናል፤ ልዩነቱን ባናጠፋው ጥሩ ነው።

ሀገር በቀል ከተክል ወጥቶ በሰፊው ይሠራል፤ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱት ግን ያው ቃል አይመጣም። ሀገር በቀል ዛፍ «ኔቲቭ» ወይም «ኢንዲጂነስ» ነው። ሀገር በቀል እውቀት «ኢንዲጂነስ» ብቻ ነው። ሀገር በቀል ድርጅት «ሎካል» ይባላል። መንግሥት በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ሀገር በቀል የኢኮኖሚ ማሻሻያ ደግሞ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሆምግሮውን» ነው። አራቱንም ኔቲቭ ብሎ የተረጎመ ሰነድ እጄ ገብቶ ያውቃል፤ ኢኮኖሚው ዛፍ መስሎ ነበር።

ሀገር በቀልን ከ«ብርቅዬ» አታምታቱት። ብርቅዬ የምንለው በእንግሊዝኛ «ኢንዴሚክ» የሚባለውን፣ ከዚህ በቀር በዓለም የትም የማይገኘውን ነው፦ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ክረምት ላይ እዚሁ ሱሉልታ ሜዳ የምትታየዋ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ። ብርቅዬ ሁሉ ኔቲቭ ነው፤ ኔቲቭ ሁሉ ግን ብርቅዬ አይደለም። ወይራ ሀገር በቀል ነው፤ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችና በእስያም ይበቅላል።

የሐበሻ

መዝገበ ቃላት የማይጽፈው፣ ገበያው ግን ጠዋት ማታ የሚጠራው ኔቲቭ ይኸኛው ነው። የሐበሻ ዶሮ፣ የሐበሻ እንቁላል፣ የሐበሻ ላም፣ የሐበሻ ጎመን፣ የሐበሻ ጥድ። ተቃራኒው ሁልጊዜ «የፈረንጅ» ነው። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው ነው፤ እዚህ ሱሉልታ ወተት የሚሸጥ ሰው «የፈረንጅ ላም አለችኝ» ካለ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉሯን ማለቱ ነው።

ከተቃራኒው አንጻር በጣም ጥርት ያለ ቃል ነው። በትውልድ አንጻር ግን እምነት አይጣልበትም። የሐበሻ ጎመን በእርግጥ የኢትዮጵያ ደጋ ተክል ነው። የሐበሻ ዶሮ ግን ዘሯ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ዶሮ ነው። በርበሬማ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሆኖ ሳለ ማንም ፈረንጅ አይለውም። «የሐበሻ» የሚነግረን ከዘመናዊው ዝርያ በፊት ከእኛ ጋር የኖረ መሆኑን እንጂ እዚህ መፈጠሩን አይደለም። ስለዚህ የሐበሻ ዶሮን ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ «ሎካል» እላለሁ። ለመንግሥትና ለጥናት ጽሑፍ «የሐበሻ»ን አልመክርም፤ ሐበሻ የሚለው ስም ማንን እንደሚያቅፍ ሁሉም አንድ ዓይነት አያስብም። ለምግብ ቤት ዝርዝርና ለገበያ ግን ከሱ የተሻለ የለም፤ «ሀገር በቀል እንቁላል» ብሎ የጻፈ ምግብ ቤት ደንበኛውን ያስቃል።

ነባር

ቆይታን ይለካል፤ መወለድን አይጠይቅም። ነባር ነዋሪ፣ ነባር ሠራተኛ፣ ነባር ይዞታ። እንግሊዝኛው ኔቲቭ ሲል አልፎ አልፎ ይህን ማለቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ለነባር የሚቀርበው «ኦልድ» ወይም «ኤግዚስቲንግ» ነው።

ከተማው ወደ ገጠሩ በሚሰፋበት በእኛ ዳርቻ ቃሉን በጥንቃቄ ያዙት። ስለ ይዞታና ስለ ዕቃ ንጹሕ ቃል ነው። ስለ ሰው ሲሆን ተቃራኒው «መጤ» ነው፤ መጤ የተባለ ሰው ደግሞ ቃሉን አይረሳም። እንግሊዝኛ ጽሑፍ «ኔቲቭስ ኤንድ ኒውካመርስ» ቢል እኔ «ቀድሞ የነበሩና በቅርቡ የገቡ ነዋሪዎች» እላለሁ። ይረዝማል፤ ይርዘም።

በዓለም አቀፍ ሰነድ «ኢንዲጂነስ ፒፕልስ» ለሚለው ነባር ሕዝቦች የሚል ትርጉም ያጋጥማል፤ ለዚያ ቦታ ጥሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 እ.ኤ.አ. በ144 ድምፅ ያጸደቀው መግለጫ ኢንዲጂነስን መርጧል፤ ኔቲቭን አልተጠቀመም።

አፍ መፍቻ

የአማርኛ ውበት እዚህ ነው። እንግሊዝኛው ቋንቋን ከልደት ወይም ከእናት ጋር ያስራል፤ እኛ ሕፃኑ አፉን ከፈታበት ቅጽበት ጋር። ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጀው የየካቲቱ ቀን በእንግሊዝኛ የእናት ቋንቋ ቀን ነው፤ በአማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን እንለዋለን። ለ«ኔቲቭ ላንጉጅ» ሌላ ቃል አትፈልጉ። «የትውልድ ቋንቋ» የሚል አንዳንድ ቅጽ ላይ አያለሁ፤ የብሔር ጥያቄ ስለሚመስል አልወደውም።

ግን አፍ መፍቻ የሚነግረን የመጀመሪያውን ቋንቋ ነው፤ ጎበዝ የሆኑበትን አይደለም። ያ ሥራ ፈላጊ ልጅ የቆመው እዚህ ላይ ነበር። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ የሚያነበው፣ የሚጽፈው፣ ሕልም የሚያየው ግን በአማርኛ እንደሆነ ነገረኝ። ሥራው አማርኛ ጸሐፊ ይፈልጋል። «አማርኛ ብል ዋሸሁ፣ ኦሮምኛ ብል ሥራው አመለጠኝ» አለ።

መውጫው ቀላል ነው። ቅጹ አንድ ሣጥን ቢሰጥም ሁለት ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። ሊንክድኢን ላይ የመጨረሻው ደረጃ «ኔቲቭ ወይም ባይሊንጓል» ስለሚል እሱን ለሁለቱም መምረጥ ውሸት አይሆንም። አውሮፓውያን በሚጠቀሙበት ከኤ1 እስከ ሲ2 ባለው መለኪያ ደግሞ ኔቲቭ የሚባል ደረጃ ጭራሽ የለም፤ ሲ2 በትምህርትም ይደረስበታል። «ኔቲቭ ስፒከር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያም በአብዛኛው የሚፈልገው አጥርቶ የሚናገር ሰው ነው። «አቀላጥፎ የሚናገር» ብለን ብንተረጉመው ለአሠሪውም ለአመልካቹም ይሻላል።

ኔቲቭን እንዳለ መተው

ለኮምፒውተር ሰዎች ይሁን። «ኔቲቭ አፕ» ለአንድሮይድ ወይም ለአይፎን ተብሎ በዚያው መሣሪያ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ «ሀገር በቀል መተግበሪያ» ብትሉት ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ይመስላል። ማዕድን ላይ ኔቲቭ ወርቅ ማለት ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ሳይዋሐድ በተፈጥሮ የተገኘ ወርቅ ነው፤ «በተፈጥሮ ያልተዋሐደ» ይበቃዋል። ገበያ ላይ የሚጠራው «ኦሪጅናል» የዚህ ዘመድ አይደለም፤ እሱ ፎርጅድ ያልሆነ ማለት ብቻ ሆኗል።

በአንድ ገጽ

| ቃል | ለማን፣ ለምን | ተቃራኒው | ፊት ለፊት ሲነገር | ወደ እንግሊዝኛ |
|---|---|---|---|---|
| ተወላጅ / ልጅ | ለሰው | የሌላ ቦታ ሰው | ያኮራል | ኔቲቭ ኦፍ፤ በብዙ ቁጥር ፍሮም |
| ሀገር በቀል | ተክል፣ እውቀት፣ ድርጅት | የውጭ፣ መጤ ዝርያ | ችግር የለበትም | ኔቲቭ፣ ኢንዲጂነስ፣ ሎካል፣ ሆምግሮውን |
| የሐበሻ | ከብት፣ ዶሮ፣ ምግብ | የፈረንጅ | ገበያ ላይ ያምራል | ሎካል |
| ነባር | ይዞታ፣ ሠራተኛ፣ ነዋሪ | አዲስ፤ ለሰው መጤ | ለሰው ሲሆን ይጎረብጣል | ኦልድ፣ ኤግዚስቲንግ |
| አፍ መፍቻ | ቋንቋ | በትምህርት የተገኘ | ችግር የለበትም | ኔቲቭ ላንጉጅ |
| ኔቲቭ (እንዳለ) | ሶፍትዌር | ለሁሉም መሣሪያ የሚሆን | ለባለሙያ ብቻ | ኔቲቭ |

ኦፍ ወይስ ቱ?

ብዙ ሲቪ የሚበላሸው እዚህ ነው። ኔቲቭ ስም ሆኖ ስለ ሰው ሲነገር «ኦፍ» ይከተለዋል። ቅጽል ሆኖ ስለ ተክልና እንስሳ ሲነገር «ቱ» ይከተለዋል፤ ቡና የኢትዮጵያ ነው ለማለት «ኮፊ ኢዝ ኔቲቭ ቱ ኢትዮጵያ» ነው። ሰውን በ«ቱ» ከጻፋችሁት እንደ ቁጥቋጦ ሜዳ ላይ የበቀለ ይመስላል።

እንደየፍላጎቱና እንደየኪሱ

ታፔላ የሚያሠራ ሰው ጻፊው በፊደል ከሆነ የሚያስከፍለው ለዛፍ «ኔቲቭ» ይበቃዋል፤ በእንግሊዝኛ 6 ፊደል ነው፣ «ኢንዲጂነስ» ግን 10። ትርጉሙ ለችግኝ ያው ነው፤ ለተጨማሪ 4 ፊደል አትክፈሉ። ለረጂ ድርጅት የሚጽፍ ሰው ግን ፊደል አይቆጥብ፤ ለእውቀትና ለባህል ኢንዲጂነስን፣ ለሰዎች ደግሞ «ከዚህ ቦታ የመጡ» የሚለውን ያስገባ።

ለኤምባሲና ለፍርድ ቤት የሚሄድ ወረቀት ላይ ምርጫ የላችሁም። ቅጹ የትውልድ ቦታ ሲል ቦታውን፣ ዜግነት ሲል ዜግነቱን ጻፉ፤ «ኔቲቭ» የሚል ቃል ከራሳችሁ አትጨምሩ፤ ሰነዱ የሕግ ከሆነም ፈቃድ ላለው ተርጓሚ ክፈሉ። ተማሪ ከሆናችሁ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ተቃራኒውን ፈልጋችሁ ከሠንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ ጋር አስተያዩት። ተቃራኒው ካልተገኘ ቃሉ ጌጥ ነው፤ ብትተዉትም አይጎድልም።

የእትዬ ታፔላ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሰቀለ። አረንጓዴ ቆርቆሮ ላይ በነጭ ቀለም፣ ከላይ «ሀገር በቀል ችግኝ»፣ ከሥሩ እንግሊዝኛው በ«ኔቲቭ»፣ ከዚያ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ የሐበሻ ጥድ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ከታች ጥግ ላይ፣ ጻፊው ባልሠራው እጅ፣ በከሰል የተጨመረ አንድ መስመር አየሁ፦ «ባህር ዛፍም አለ»።